የላንጋኖው ዋናተኛ ኤሊ ሊያይ ሄደ

ሰው የሚዋሸው ሁልጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም። አንዳንዱ የሚዋሸው ቱ ትዌንቲ ፋይቭ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ስለያዘው ነው። እኔ ከዚህኛው ወገን ነኝ።

ልጄን ሜላትን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ኮሜርስ ሲቲ ካለው መጋዘን የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ እዚሁ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ወዳለው ቤቴ እመለሳለሁ፣ ዓይኔን በቀዝቃዛ ውኃ አሽቼ እሷን ይዤ እወጣለሁ። መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ቀጥ ሲል ወሬ መፍጠር የአባት ግዴታ ነው። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። "ዳዲ፣ ልጅ ሆነህ ስዊም ታደርግ ነበር?" አለችኝ። "አይ የኔ ልጅ፣ አላውቅበትም" ብል ምን ነበረበት? ግን በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን አየሁት። አባቷ ጀግና እንዲሆንላት የምትጠብቅ ልጅ ዓይን ነው። "እንዴታ!" አልኳት።

እንግዲህ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚያ ገላን መታጠብ ራሱ ጀግንነት ነው። በልጅነቴ የገባሁበት ትልቁ ውኃ የእናቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበር፤ እሱም እያለቀስኩ። ለልጄ ግን መጀመሪያ ወንዝ ዋኘሁ አልኳት። በማግስቱ መኪና ተጋጭቶ መንገዱ አርባ ደቂቃ ሲዘጋ ወንዙ ሐይቅ ሆነ፤ ሐይቁም ላንጋኖ ተባለ። በረዶ በጣለበት ሳምንት ላንጋኖን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥኩት። ክረምቱ ሳያልቅ ጉማሬ ገባበት። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ይላሉ፤ የኔ ግን እያደር ኪሎ ጨመረ። ልጅቷ ለጉማሬው ስም አውጥታለት ነበር።

ቢሆንም አላሳሰበኝም። ኮሎራዶ ባሕር የላትም። እዚህ ዋና አለማወቅ ግመል መጋለብ እንዳለማወቅ ነው፤ ማንም ና አሳየን አይልህም። እንዲህ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰላም ኖርኩ።

ጉዱን ያመጣችው ባለቤቴ ሰናይት ናት። ሰናይት ነርስ ናት፤ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች በትልቅ መርከብ ሞቃት ደሴቶችን እየዞሩ ፎቶ ይዘው በመጡ ቁጥር እሷ ታኮርፋለች፣ የምታኮርፈው ደግሞ እኔን ነው። በመጨረሻ "እማዬ ዘንድሮ ሰባ ዓመቷ ነው። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ባሕር ትይ" አለች። በእናት ተመጥቶ ምን ይባላል? ተስማማሁ።

እናቷ፣ ማለትም አማቴ፣ እማማ አፀደ ይባላሉ። ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ቆራቢ ናቸው፣ ቁም ነገረኛ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እሳቸው ወደ ሳሎን ሲገቡ እኔ ከሶፋው ብድግ ብዬ "ኖር!" እላለሁ። "በእግዜር!" ይሉኛል። እሳቸው ሳይቀመጡ እኔ አልቀመጥም። በቀን አሥር ጊዜ ቢገቡ አሥር ጊዜ እነሳለሁ፤ ሰናይት "ስፖርትህን ሠራህ" እያለች ትስቃለች። ምን ላድርግ፣ አስተዳደጌ ነው። እግሮቼ ይህን ትምህርት ለብቻቸው ስለተማሩት እኔን አያማክሩኝም። ቀን ተኝቼ እንኳ ኮቴያቸውን ስሰማ ጉልበቴ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይነሳል።

መርከቡ አንድ ደሴት ላይ ለአንድ ቀን ይቆማል። ከዚያ ወርደን የምናየውን የዱር እንስሳ አስቀድመን መርጠን መላክ ነበረብን። ወረቀቱ ከነሥዕሉ መጣ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ሐበሻ ሦስት ከሆነ ስብሰባ ነው፤ አራት ከሆንን ደግሞ ቃለ ጉባኤ ያስፈልገናል። ሰናይት ሰብሳቢ ሆነች፣ ሜላት ጸሐፊ።

"አንደኛ" አለች ሜላት፣ "ባሕር ውስጥ ከሚዋኙ ዐሣማዎች ጋር መዋኘት።"

እማማ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "ከዐሣማ ጋር? እኔ? ቆርቤ?"

ተሰረዘ።

"ሁለተኛ፣ መንኪ ፎረስት።"

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ እማማ። ዝንጀሮና ጦጣ ነው ተባሉ። "ዝንጀሮ ለማየት ነው ባሕር የምንሻገረው? ልጅ ሆኜ ከአባቴ ማሳ ያባረርኩት አይበቃኝም?"

እኔም ለማገዝ ያህል "ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል" አልኩ። ሦስተኛው በጀልባ ሆኖ አዞ መጎብኘት ነበር። ሰናይት አንገቷን ቀና አድርጋ እንኳ አላየችም፤ "ቀጥይ" አለች።

አራተኛው የኔ ነበር። ወረቀቱ የመጣ ዕለት ነው ልቤ ያረፈበት። ስሎዝ የሚሉት እንስሳ ነው፤ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። የብስ ላይ ነው፣ ጥላ አለው፣ ሰው አይነካም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አይዋኝም ብዬ አምኜ ነበር። ቆሜ ንግግር አደረግኩ። የእግዚአብሔርን ጥበብ ጠቀስኩ፣ የእማማን ጉልበት ጠቀስኩ፣ ትዕግሥት ለልጆች ያለውን ጥቅም ሁሉ ተናገርኩ።

እማማ እስክጨርስ አዳመጡኝ። "ቀኑን ሙሉ ሲተኛ የሚውል ለማየት ይህን ያህል መንገድ ምን አስኬደን? እቤታችን አለ አይደል" አሉ። ወደ እኔ አላዩም፤ ጨዋ ናቸው። ወደ እኔ ያየችው ሰናይት ናት፣ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች።

"አምስተኛ!" አለች ሜላት ከወንበሯ ተነሥታ። "ሲ ተርትል! የባሕር ኤሊ! ውኃ ውስጥ ገብተን፣ ማስክ አድርገን፣ ከኤሊዎቹ ጋር ስዊም እናደርጋለን። ለዳዲ ኢዚ ነው፤ ላንጋኖን ክሮስ ያደረገ ሰው ነው!"

ሜላት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ጥቃቅኗን ጽሑፍ ሳይቀር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ይህች ልጅ የቁርስ ካርቶን ጀርባ ያለውን እንኳ ሳትጨርስ አትነሳም። እኔ ደግሞ "ኤሊ" ከሚለው በታች አንዲት ቃል አላነበብኩም። የቆየ በሽታዬ ነው፤ ስልኬ "ትስማማለህ?" ሲለኝ አንብቤ የተስማማሁበት ቀን የለም።

"እጅ እናውጣ" አለች ሰብሳቢዋ። እማማ "እኔን አታስቡኝ፣ እናንተ ደስ ያላችሁን" እያሉ እጃቸውን አወጡ። ሜላት ሁለቱንም እጆቿን አወጣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ያው የመስታወቱ ዓይን ነው። እጄ ሳላዘው ወጣ።

እጄን ሳላወርድ ግን መላ መጣልኝ። "መልካም" አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ። "ኤሊው ይሁን። ግን እማማ በዚያ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ አይገቡም። በዚያ ፀሐይ ብቻቸውን ዳር ላይ አይቀመጡም። እኔ አጠገባቸው ጥላ ሥር እቆያለሁ። እናንተ ግቡ፤ እኔ ላንጋኖ ይበቃኛል።"

ሰናይት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ለእማዬ ምን ዓይነት አማች ነው የሰጣት!" አለች። እማማ ትንሽ አዩኝና "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ አሉ። ሜላት ግን እርሳሷን አስቀመጠች። የሚያሳፍረኝን ልናገር፤ ያን ዕለት የከበደኝ ባሕሩ ሳይሆን እርሳሱ ነው። ላንጋኖ ውሸት መሆኑን ልጅቷ ካወቀች ሌላው ሁሉስ? "እወድሻለሁ" የምላትንስ ከየትኛው መዝገብ ታስገባዋለች?

ስለዚህ በድብቅ ዋና ልማር ቆረጥኩ። አውሮራ ውስጥ ሐበሻ የማያይህን ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እሰፈሬ ያለው መዋኛ ብሄድ እቤቴ ሳልደርስ ወሬው ይቀድመኛል። ቶርንተን እንዳልሄድ ግማሹ ማኅበራችን ቶርንተን ቤት ገዝቷል። በመጨረሻ ሎውሪ በኩል አንድ መዋኛ አገኘሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሽማግሌ ፈረንጆች ብቻ ናቸው የሚመጡት ተባልኩ። ሜላትን አድርሼ፣ ፎጣዬን ከመኪናው ኋላ ደብቄ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቼ ገባሁ።

አስተማሪዬ ዶረቲ የምትባል፣ ጡረታ የወጣች፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያሰረች ሴት ነበረች። የመጀመሪያው ማክሰኞ ፊቴን ውኃ ውስጥ ነክሬ አረፋ እንዳወጣ አዘዘችኝ። የአርባ አራት ዓመት ሰው፣ የቤተሰብ ኃላፊ፣ ቡልቅ ቡልቅ ሳደርግ ዋልኩ። ሁለተኛው ማክሰኞ በጀርባዬ እንድንሳፈፍ ነገረችኝ፤ ከመቀመጫዬ ጀምሬ ሰመጥኩ። "ሰውነትህን ልቀቀው" ትለኛለች። ሰውነቴን ብለቅማ ሥራስ ማን ይሄድልኛል?

በሦስተኛው ማክሰኞ ተአምር ሆነ። ተንሳፈፍኩ! ጆሮዬ ውኃ ውስጥ፣ ዓይኔ ጣሪያው ላይ፣ እጆቼ እንደ መስቀል ተዘርግተው። ዶረቲ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ስምንት፣ ዘጠኝ። አሥር ላይ በገመድ ከተለየው ከጎናችን በኩል አሮጊቶች በደረጃው ሲወርዱ ታዩኝ፤ እያንዳንዳቸው ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ረጅም ስፖንጅ ታቅፈዋል። ከመሃላቸው አንዷ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚሸፍን ጥቁር የዋና ልብስ ለብሳለች። ራሷ ላይ የላስቲክ ቆብ፣ አንገቷ ላይ ማተብ።

ጭንቅላቴ ገና "ይህቺ ሴት ማንን ነው የምትመስለው?" እያለ እግሮቼ ቀድመው አውቀዋታል። ብድግ!

"ኖር!"

አዳራሹ አስተጋባ። እማማ አፀደ ስፖንጃቸው ላይ ተንሳፍፈው "በእግዜር!" አሉ።

ምን እንዳደረግን የገባን ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዴ ጭንቅላቴን ውኃ ውስጥ ቀበርኩ። ስወጣ ዶረቲ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"ተንሳፍፈህ ነበር እኮ! ለምን ቆምክ?"

"አማቴ ናቸው።"

"ታዲያስ?"

"ለታላቅ ይቆማል።"

አሰበችበት። "እየሰመጥክ ቢሆንስ?"

"ቢሆንም ይቆማል" አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ማክሰኞ ማክሰኞ የአረጋውያን ቫን መጥቶ እማማን "ጉልበት ሕክምና" ይወስዳቸዋል። እኛ የሚያሹአቸው ይመስለን ነበር። ለካ ሐኪሙ ያዘዘላቸው ውኃ ውስጥ መንቀሳቀስ ነው፤ እሳቸው ደግሞ "በሰባ ዓመቷ ዋና ልብስ ለብሳ" እንዳይባሉ ለገዛ ልጃቸው እንኳ አልተነፈሱም። ያን ዕለት ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻችንን ተገናኘን። ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

"ዛሬ ሕክምናው ቦታ አንድ ሰው አየሁ። አንተን ይመስላል" አሉኝ።

"እኔም እርስዎን የሚመስሉ ሴትዮ አየሁ፣ እማማ።"

"ሴትዮዋ እንዴት ናት?"

"ኧረ ጎበዝ ናቸው። ደህና አድርገው ይንሳፈፋሉ።"

"ሰውየው ግን" አሉና ሽንኩርቱን ለሁለት ከፈሉት፣ "ይቀረዋል።"

ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ግን ሁለታችንም በዚያው ሰዓት መሄዳችንን አልተውንም፣ እኔም ገና መንሳፈፍ ስጀምር እሳቸው በደረጃው መውረዳቸውን አልተዉም፣ እግሬም መነሣቱን አልተወም። ከአሥር ሰከንድ በላይ ተንሳፍፌ ሳላውቅ መርከቡ የሚነሣበት ቀን ደረሰ። ቢሆንስ? እማማ ልጃቸው ፊት ምሥጢራቸውን አያወጡም፤ ምክንያቴ በእጄ ነው፤ ዳር ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ከእማማ ጋር።

የደሴቷን ሙቀት ምን ብዬ ልንገራችሁ! የኛ የኮሎራዶ ፀሐይ ያቃጥላል እንጂ አያርስም። እዚያ ከመርከቡ ስንወርድ የሚፈላ ሽሮ ክዳን የከፈትኩ መሰለኝ። ሸሚዜ ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። በትንሽ ጀልባ ወደ አንድ ነጭ አሸዋ አደረሱን። የገለባ ባርኔጣ ያደረገው አስጎብኚ አንድ ነገር በጥድፊያ አብራራና ብርቱካንማ የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ ለሁሉም አደለ። ሰናይትና ሜላት ለበሱ። እኔ ከእማማ ጎን ጥላ ሥር ተዘረጋሁ። ቆሎ አወጣሁ። ባሕሩን አየሁት፤ ከዚህ ሆነው ሲያዩት መልካም ባሕር ነው። "ተመስገን" አልኩ ከልቤ።

እማማ ተነሡ። እኔም ተነሣሁ፤ ያው ነው። ነጠላቸውን አወለቁና ሰጡኝ። ቀጥለው ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሲስቡ ፊቴን አዞርኩ። ዞር ስል ጥቁሩን ልብስ ከውስጥ ለብሰውት መጥተዋል።

"እማዬ!" አለች ሰናይት ከውኃው ዳር፣ አፏን ከፍታ።

"ሐኪም ያዘዘልኝ ነው!" አሉና እማማ ባሕር ገቡ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ነጠላ በአንድ እጄ፣ ቆሎ በሌላው እጄ ይዤ ቀረሁ። ስንት ወር የተደገፍኩበት የእማማ ጉልበት እያየሁት በገዛ ኃይሉ ወደ ውኃው ተራመደ። ሜላት ከሩቅ ዞራ አየችኝ። አልጠራችኝም። ጠበቀችኝ፤ ብትጠራኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰደርያውን ለበስኩ። ማስኩን አጠለቅኩ። ውኃው ቁርጭምጭሚቴን፣ ጉልበቴን፣ ጭኔን ነካ። "ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል" የተባለው እውነት ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። እንዲያውም ትንሽ ጀግንነት ተሰማኝ። "ዳዲ! እዛ! ከኋላህ!" አለች ሜላት። ዞርኩ። የመሶብ ክዳን የምታህል ኤሊ ከፊቴ ብቅ አለች፣ አየችኝ፣ "ፍፍፍ" ብላ ተነፈሰች።

ወደ ኋላ ዘለልኩ። ሰደርያው ደረቴን ወደ ላይ አነሣው፣ እግሮቼ ከአሸዋው ተነቀሉ፣ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ማስኩ ውስጥ ውኃ ገባ። ጨው አፍንጫዬን ሞላው። ዶረቲ ያስተማረችኝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋብኝ። እጄን ባወራጭ እግሬ ይወጣል፤ እግሬን ባወራጭ ራሴ ይገባል። መሬት አጣሁ። ጥልቅ ባሕር ወሰደኝ፣ ሞትኩ፣ ልጄ እያየችኝ ሞትኩ ብዬ አመንኩ። ላንጋኖን ከነጉማሬው ያቋረጠው ሰው "የሰው ያለህ! ኡኡ! የሰው ያለህ!" እያለ ጮኸ። ኤሊዋ ሸሸች።

ከዚህ ሁሉ ሁካታ በላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ። አልጮኸም። የሳሎናችን ድምፅ ነው።

"አንተ! እኔ ቆሜ አንተ ትንጋለላለህ?"

እግሮቼ እኔን አላማከሩኝም። ብድግ!

"ኖር!" አልኩ፣ ከአንድ ብርጭቆ ጨው ውኃ ጋር።

"በእግዜር!" አሉ እማማ አፀደ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው።

ውኃው እምብርቴ ላይ ነበር።

ሰናይት በሳቅ ሰደርያዋ ውስጥ ልትታፈን ደረሰች። እኔ ግን ሜላትን ነው ያየሁት። ውኃው ደረቷ ድረስ ነው፤ አጠገቤ መጥታ ቆማለች። ማስኬን አወለቅኩ። መሸሻ የለም፤ አለመኖሩ ራሱ ትንሽ አሳረፈኝ።

"ሜሉ" አልኳት፣ "ላንጋኖን አላቋረጥኩም።"

"አውቃለሁ፣ ዳዲ።"

"ወንዙም የለም።"

"አውቃለሁ።"

"ጉማሬውስ?"

"ጉማሬ ሰው ይገድላል፣ ዳዲ። ሰከንድ ግሬድ እያለሁ ጎግል አደረግኩት።" ትንሽ አሰበችና ጨመረች፣ "ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ስትመጣ መኪናው ፑል ፑል ይሸታል።"

"ታዲያ እያወቅሽ ኤሊውን ለምን መረጥሽብኝ?"

ባልገባው ሰው ዓይን አየችኝ። "ከታች ጽፈውታል እኮ! ስዊም ለማይችሉ ሰዎች ነው ይላል። ውኃው እስከ ወገብ ነው ይላል። ዐሣማው ተሰርዟል፣ ሌሎቹ ላይ ደግሞ አንተ ጋር አብረን ውኃ መግባት አንችልም። ለአንተ ብዬ ነው የመረጥኩት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ትከሻዋን ነቀነቀች። "ፊል ባድ እንዳታደርግ ብዬ።"

ይሉኝታ! እናንተዬ፣ አውሮራ ተወልዳ፣ አማርኛውን በግማሽ እየተናገረች፣ ይሉኝታውን ግን ሙሉውን ወርሳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸክሜው የዞርኩት ሐይቅ ከትከሻዬ ወረደ። እኔ እሷ እንዳታውቅብኝ ስጨነቅ፣ እሷ እንዳወቀች እንዳላውቅ ስትጨነቅ ኖራለች። እዚያው ባሕር ውስጥ አለቀስኩ፤ ፊቱ ቀድሞ የራሰ ሰው ማልቀሱ አይታወቅበትም። "እወድሻለሁ" አልኳት። "አውቃለሁ" አለች፣ እንደቅድሞቹ ሁሉ። የዚያን ዕለት "አውቃለሁ" የሚለውን ቃል ያህል ያሳረፈኝ ነገር የለም።

ከዚያ እጄን ያዘችኝ። ፊታችንን አንድ ላይ ነከርን። ያቺው ኤሊ ተመልሳ ከሥራችን አሸዋ ላይ ሣር እየነጨች ነበር፤ አልቸኮለችም። አሥር ሰከንድ ነው የምችለው። አሥሩንም አየኋት።

አሁን ወደ ሎውሪ የምንሄደው ቅዳሜ ጠዋት በአንድ መኪና ነው፤ ፎጣውም አይደበቅም። ዶረቲ ባለፈው ወር ወደ ጥልቁ በኩል አሻገረችኝ። እማማ ስፖንጃቸውን ታቅፈው በደረጃው ሲወርዱ እግሮቼ እንደ ልማዳቸው ወለሉን ይፈልጉታል። ወለል የለም። ያለኝ ጭንቅላቴ ብቻ ስለሆነ እሱኑ ቀና አድርጌ "ኖር!" እላለሁ።

"በእግዜር! በእግዜር!" ይሉኛል ከማዶ። "አትነሣ ልጄ፤ እንደተንጋለልክ!"